የተጣለችው ፊደል

ጃሲያራ ስልኩን ሁለት ጊዜ አየችው። ለሦስተኛ ጊዜ ማየት ፈራች።

ስልኩ የክፍል ጓደኛዋ የኤዲልዛ ነው። ኤዲልዛ ዓይነ ስውር ስለሆነች መልእክቶቿን ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብላታል። በብራዚሏ ካሩዋሩ ከተማ ውስጥ ግን መልእክት ሲልክ ሙሉ ቃል የሚጽፍ ሰው የለም፤ ሁሉም ፖርቱጋልኛውን ቆራርጦ ነው የሚልከው። ጃሲያራና የክፍል ጓደኛዋ አዳይልቶን ለሳይንስ ውድድር የሠሩት «ላይብረሪ» የሚባለው የፕሮግራም ክፍል እነዚህን ቁርጥራጭ ቃላት ወደ ሙሉ ቃል የሚመልስ ኮድ ነው። ኤዲልዛ ደግሞ «እኔ ልሞክርላችሁ» ብላ ስልኳ ላይ አስጭናለች፤ ዛሬም ከውድድሩ በፊት እንዲፈትሹት ስልኩን ሰጥታቸዋለች።

ላይብረሪው የለወጠውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ጃሲያራ ያየችውም ይህን መዝገብ ነው። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የኤዲልዛ አክስት ከጋራኙንስ ከተማ «አያትሽ አልተሻላትም» ብላ ጽፋላት ነበር። በፖርቱጋልኛ አፍራሹ ቃል «ናው»፣ «አይደለም» እንደማለት፣ ለብቻው ነው የሚቆመው። አክስቷም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ነካ አድርጋ አለፈች። ላይብረሪው ያቺን ብቸኛ ፊደል የጣት ስህተት አድርጎ ጣላት። ስልኩም «አያትሽ ተሻላት» ብሎ አነበበ።

ስለዚህ ኤዲልዛ ወደ ጋራኙንስ የሚሄደውን አውቶቡስ አልተሳፈረችም። ሐሙስ ማለዳ አያቷ አረፉ።

ፊደሏን የሚጥለውን መስመር የጻፈችው ጃሲያራ ናት። የታፒዮካ ቂጣዋን እየገመጠች፣ እየሳቀች ነበር የጻፈችው።

«አስተካክዬዋለሁ» አለ አዳይልቶን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። «አሁን በትክክል ያነባል። በቃ።»

«ለኤዲልዛስ?»

«ምን ልትያት? "አያትሽን ሳታዪያቸው የቀረሽው በኛ ነው"? ተይ ባክሽ! ቅዳሜ ውድድር አለብን። ደግሞ ብትነግሪያት አያቷ ከሞት አይነሱም።»

«አክስቷን ዋሸችኝ ብላ ዘግታታለች እኮ። ቀብር ላይ እንኳን እጇን አልሰጠቻትም።»

«የቤተሰብ ኩርፊያ ነው፣ ይበርዳል።» ከዚያ ግን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ነቀለ። «ጃሲ፣ በሞቴ እንዳትነግሪያት።»

ስልኩን ይዛ ወጣች።

ኤዲልዛ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ምሳዋን እየተወች ነው፤ ዛሬም ሳህኗ አልተነካም።

«ጃሲ ነሽ አይደል? በእርምጃሽ አወቅኩሽ» አለች። «ተሠራ?»

«ተሠራ።»

«ጎበዞች። ቅዳሜ መጥቼ ለዳኞቹ እመሰክርላችኋለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ስልኩማ ምን ያድርግ፣ ያነበበው የተጻፈለትን ነው። የዋሸችኝ አክስቴ ናት።»

እጇን ዘረጋች። ስልኩን አስረክቦ ወደ ክፍል መሄድ ቀላል ነበር። ጃሲያራ ግን አጠገቧ ተቀመጠች።

«ኤዲ፣ የረቡዕን መልእክት እኔ ላንብብልሽ። ልክ እንደተጻፈ፣ ፊደል በፊደል።»

የኤዲልዛ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ለምን?» አለች፤ ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እሺ። አንብቢ።»

ጃሲያራ ራሷ ያስጣለቻትን ፊደል ሳትዘል ማንበብ ጀመረች።