በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ

«‹ዛሬም ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ደጄ ድረስ መጣች፤›» ሲሉ አነበቡ ፓስተር ሄልቪ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው። «‹ቆመች። አየችኝ። ተመልሳ ሄደች።›»

ሚርያ ማንኪያውን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ቀረች። ቢጫ ኮፍያዋ ጭኗ ላይ ነበር።

ፓስተሯ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቆርቆሮው ሣጥን መለሱና ሌላ አወጡ። ማን እንደጻፈው አይጠየቅም። በጾሙ ወራት በየረቡዑ ምሽት ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስቦ የአተር ሾርባ ይበላል፤ እየተበላም እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ውስጥ እግዚአብሔርን የት እንዳየው የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይነበባል። ስም አይጻፍም፤ ደንቡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ያው የታወቀ ነው፤ የልጅ ልጅ ጥርስ አበቀለ፣ መኪናዬ በዚያ ብርድ ተነሣችልኝ። እንዲህ ያለው ግን ተሰምቶ አያውቅም።

«ይሄ እግዚአብሔርን ማየት ነው ወይስ ሌባ መጠበቅ?» አለ ኦቶ በሹክሹክታ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። «ምነው፣ ፊትሽ ነጣ እኮ።»

«ዝም ብለህ ብላ።»

ጉዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጾሙ ሲገባ፣ ለጰራቅሊጦስ በጉባኤ ፊት እምነታቸውን የሚመሰክሩት ስድስት ልጆች ዕጣ አውጥተው ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ከቤት የማይወጣ አንድ አዛውንት ይደርሰዋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄዶ የደጃፉን በረዶ ይጠርጋል፣ ገብቶም ያጫውታል። ለሚርያ የደረሷት ሚስስ ላምፒ ናቸው። ቤታቸው ሐይቁ ዳር፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ምሽትም ቢሆን መብራት ሲያበሩ የታዩበት ጊዜ የለም። ልጆቹ «ከሙታን ጋር በፊንላንድኛ ያወራሉ» ይሏቸዋል። ሚርያ ይህን አታምንም፤ ማለቴ፣ ቤቷ ሆና አታምንም። አጥሩ ጋ ደርሳ በብርዱ በረዶ የሆነው ሐይቅ እየተሰነጠቀ እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ስትሰማ ግን እግሯ እሺ አይላትም። ሦስት ማክሰኞ ሄደች፣ ሦስት ማክሰኞ ተመለሰች። ሦስቱንም ጊዜ ገብታ እንደተጫወተች አድርጋ የሚያምር ወረቀት ጽፋ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ሁለተኛው ሲነበብ፣ የማን ጽሑፍ እንደሆነ የገባት እናቷ አልቅሳለች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የወንድሟን ጥቁር ኮፍያ አድርጋ ሄደች። መስኮቱ ጨለማ ነበር። መጋረጃው ግን ትንሽ ገለጥ ብሎ እንደዚያው ቀረ። ሚርያ አካፋዋን እየጎተተች ወደመጣችበት ተመለሰች።

ረቡዕ ማታ ፓስተሯ አንዱን ወረቀት ከፈቱና ከማንበባቸው በፊት መነጽራቸውን ጠረጉ።

«‹ዛሬ ኮፍያው ጥቁር ነው። አረማመዷን ግን ዐውቀዋለሁ። ትመለስ እንደሆነ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ አመሸሁ።›»

ኦቶ በዚህኛው አልቀለደም።

«ለአንቺ የደረሰሽ የማን ቤት ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«የሚስስ ላምፒ።»

«ትገቢያለሽ አይደል?»

ሚርያ ሾርባዋን ማማሰል ጀመረች።

«እሺ፣ ለእኔ አትንገሪኝ። ግን በዚህ ብርድ በር ከፍተው ሲጠብቁ አንድ ነገር ቢሆኑ…» ኦቶ ንግግሩን አልጨረሰውም።

ማክሰኞን መጠበቅ አልቻለችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄደች። ከአጥሩ እስከ በሩ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ከአንድ ትልቅ ቦት ጫማ ዱካ በቀር የሰው ምልክት የለበትም። ዱካውን እየረገጠች ሄዳ በሩን ነካ ስታደርገው ያለ ድምፅ ተከፈተ።

«ጫማሽን እዚያው አውልቂ» አለ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ።

ሚርያ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም ነበር። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ሚስስ ላምፒን አየቻቸው። ካፖርታቸውን እንደደረቡ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር አለ።

«የማን… የማን ወንበር ነው?»

«ያንቺ ነዋ። አራት ሳምንት ሆነው።»

ተቀመጠች። «መብራት ለምን አያበሩም?»

«ሲበራ መስኮቱ ላይ የማየው የራሴን ፊት ነው። እሱን ደግሞ ጠግቤዋለሁ፤ ውጭውን ልይ እንጂ።» አሮጊቷ ጥቂት ሳቁ። «ፓስተሯ ረቡዕ መጥተው ወረቀቴን ይወስዳሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቁርባን ሲያመጡልኝ የረቡዑን ወረቀቶች ያነቡልኛል። ባለፈው አንዷ ‹የአንዲት አሮጊት እጅ ይዤ እግዚአብሔርን እዚያ አገኘሁት› ብላ ጽፋለች። ሁለት ጊዜ አስነበብኳቸው። ያቺ አሮጊት ማን ትሆን፣ እንዴት ያለች ዕድለኛ ናት እያልኩ የራሴን እጅ ሳይ ዋልኩ።»

ሚርያ ከኀፍረት የተነሣ ጆሮዋ ጋለ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አሮጊቷም ያቺን ዕድለኛ ሴት እያሰቡ ይኖራሉ።

«ወረቀቱ የእኔ ነው» አለች። «የማንንም እጅ አልያዝኩም። ሁሉም ውሸት ነው። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ውጭ ሐይቁ ረጅም ድምፅ አወጣ።

«እኔም እፈራ ነበር» አሉ ሚስስ ላምፒ።

«ምንን?»

«እንዳትቀሪ።»

ሚርያ እንባዋ መጣ። አሮጊቷ እንዳላዩ ሆነው ከኪሳቸው እርሳስና ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ የዛሬውን አንቺ ጻፊልኝ። ‹ልጅቷ ገባች። ዋሽታ ነበር፤ ነገረችኝ።›»

«በቃ? እግዚአብሔርን የት እንዳዩት አይጻፍም?»

«በቃ። ያልገባው ሾርባውን ይብላ።»

ሚርያ መስኮቱ ላይ በቀረችው ብርሃን ጻፈች። ጨርሳ ትንሽ አሰበችና ከሥሩ ስሟን ጨመረች።

ሚስስ ላምፒ አጎንብሰው አዩት። «ስም አይጻፍም እኮ። ማንም አያውቅብሽም።»

«ዐውቃለሁ» አለች ሚርያና የቤተሰቧንም ስም አስከትላ ጻፈች።