የባንተአምላክ ሕመምና የጸደንያ ውሸት

ጸደንያ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ቢቸና ከተማ ነው። አባቷ አቶ ምንይሉ አናጢ ናቸው፤ የሚሠሩት ከቤታቸው ትንሽ ራቅ ብሎ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ባንተአምላክ የሚባል የአራት ዓመት ወንድምም አላት።

ባንተአምላክ በዚያ ሰሞን አሞት ነበር። ሆዱ ይደርቅና ሲጸዳዳ ያምጥ ነበር። በማማጥ ብዛት መቀመጫው ላይ ትንሽ እብጠት ወጣበት። እናቱ ወይዘሮ አየሁሽ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሲስተር ወይንእሸት መረመሩትና፣ "ትንሽ ኪንታሮት ናት። በሕፃን ላይ ብዙም አናይም። ያመጣችው ድርቀቱ ነው፤ እሱ ሲተወው እሷም ትጠፋለች" አሉ። በቤት የሚደረገውንም አስረድተው ሰደዷቸው።

ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ አፋችሁን ሸፍናችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። ሕመም አያስቅም። ሆድ ደግሞ ሁላችንም አለን።

በሳምንቱ ሞጣ የሚኖሩት የወይዘሮ አየሁሽ እኅት ወለዱ። አራሷን የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እናቷ ጸደንያን ጠሩና፣

"ወንድምሽን ላንቺ ትቼ ነው የምሄደው" አሏት። "በቀን ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አድርገሽ ዐሥር ደቂቃ አስቀምጪው። እንዳያቃጥለው መጀመሪያ በክንድሽ ሞክሪው። ውኃ ቶሎ ቶሎ አጠጪው። ጎመኑንና ፓፓያውን ሳይበላ አትተዪው። ምግብ ከበላ በኋላ ፖፖው ላይ ይቀመጥ፤ እግሩ እንዳይንጠለጠል ዱካ አድርጊለት። አምጥ ብለሽ አትቆጪው። ትችያለሽ?"

"እችላለሁ እማዬ!"

የመጀመሪያውን ቀን ሁሉንም አደረገች። በሁለተኛው ቀን ግን ፈተና መጣ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለደብሩ በዓል መዝሙር ይለማመዱ ነበር። ጸደንያ ከበሮ እንድትመታ ተመርጣለች። ካረፈደች ከበሮው ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው። ባንተአምላክ ደግሞ ጎመኑን አልበላም ብሎ አፉን ገጠመ።

"ብላ!"

"እምቢ! ብስኩት ነው የምፈልገው!"

ጸደንያ ፀሐይዋን አየች። ሰዓቱ ደርሷል። ሳፋው ባዶውን ተቀምጧል። "ዛሬ ብቻ" አለች በልቧ። ብስኩት ገዝታ ሰጠችውና ይዛው ሄደች። ልምምዱ እስኪያልቅ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ደረቅ ብስኩቱን በላ። አንድ ጊዜ እንኳ ውኃ አልጠጣም።

ቀትር ላይ አባቷ ትተውላት የሄዱት ስልክ ጮኸ።

"ጸደንያ፣ ሳፋው ውስጥ ተቀመጠ? ጎመኑን በላ?"

"አዎ እማዬ" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ቀጠነ።

"እግዚአብሔር ይባርክሽ የኔ ልጅ" አሉ እናቷ።

ይህ ምርቃት ከቁጣ የባሰ ወጋት። ቢሆንም በማግሥቱም ዋሸች። በአራተኛውም ቀን ዋሸች።

ባንተአምላክ ፖፖውን ሲያይ መሸሽ ጀመረ። እግሮቹን አጣብቆ ከበሩ ጀርባ ይቆማል። ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። እንዳያመው ሰገራውን እየያዘው ነበር፤ በያዘው ቁጥር ደግሞ እየደረቀ ሄደ። ማታ አባቱ ሲገቡ ተኝቶ ያገኙታል። "እንዴት ዋለ?" ሲሏት "ደኅና ነው" ትላለች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ ጩኸት ተሰማ። ጸደንያ ሮጠች። ባንተአምላክ ተንበርክኮ ያለቅሳል። በጨርቅ ስትጠርገው ጨርቁ ላይ ደም አየች።

ጨርቁን እንጨት ሥር ደበቀችው። "እማዬ ሳታውቅ ባድነውስ?" አለች። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩአየሁ የኪንታሮት ዱቄት ከገበያ እንደ ገዙ ሲናገሩ ሰምታለች። ሄዳ ለመነቻቸው።

"ለማን ነው?"

"ለ... ለአባቴ።"

አያችሁ ልጆች? አንዱ ውሸት ሌላውን ጎትቶ አመጣው።

"በይ እንኪ። በጣም ያቃጥላል በዪው። መቼም ትልቅ ሰው ይችለዋል" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

ወንድሟን በሆዱ አስተኛችው። ዱቄቱ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈታች። ዱቄቱ ገና ሳይነካት አፍንጫዋን ቆነጠጣት። ባንተአምላክ አንገቱን አዙሮ፣

"ያቃጥላል?" አላት።

የጸደንያ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሕፃኑ ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቃት። አምኗት ነበር።

"አልችልም!" ብላ ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለች። ስልኩን አንሥታ ሞጣ ደወለች።

"እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሳፋው ውስጥ አላስቀመጥኩትም። ብስኩት ነው ያበላሁት። ዛሬ ደም አየሁ። የእትዬ ጥሩአየሁን ዱቄት ላደርግለት ነበር።"

እናቷ ቶሎ ብለው፣

"ዱቄቱ ነክቶታል?"

"አልነካውም።"

"እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ወንድምሽንና ዱቄቱን ይዘሽ አባትሽ ጋ ሩጪ። አሁኑኑ!"

ጸደንያ ወንድሟን አዝላ ሮጠች። አቶ ምንይሉ መጋዙን ጥለው በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው።

ሲስተር ወይንእሸት ልጁን አዩት። ከዚያ ወረቀቱን ገልጠው ሲያሸቱ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይህ የልጅ ገላ ቢነካ ኖሮ ያቆስለው ነበር" አሉ። "ደሙ ከድርቀቱ የመጣ ስንጥቅ ነው፤ ይድናል። የሚያለሰልስ ሽሮፕ እሰጣችኋለሁ። ደም ሲታይ ግን ወዲያው ወደኛ ይመጣል እንጂ ቤት ውስጥ አይደበቅም።"

ጸደንያ አለቀሰች። በዚያው ቀን ለእትዬ ጥሩአየሁም እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ደንግጠው የተረፈውን ዱቄት ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።

እናቷ በማግሥቱ ከሞጣ ደረሱ። ጸደንያ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ተነሺ" አሏት። "ጎመኑን ማብላት ቢያቅትሽ አልቆጣም ነበር። አቃተኝ ብትዪኝ መላ እንፈልግ ነበር። ውሸትሽ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዐይኔን ሸፈነው።" ከዚያ አቅፈው ሳሟት።

ባንተአምላክ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሻለው። አራሷ በወለዱ በአርባኛው ቀን ወይዘሮ አየሁሽ ለሕፃኑ ክርስትና እንደገና ወደ ሞጣ ሄዱ። ባንተአምላክን ለማን የተዉት ይመስላችኋል? ለጸደንያ ነው! ቀትር ላይ ደወሉላት።

"ዛሬ ውኃ ጠጥቷል፣ ፓፓያም በልቷል" አለች ጸደንያ። "ጎመኑን ግን ተፋብኝ እማዬ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ነው።"

እናቷ ሳቁ። ሳቃቸውን ሰምታ ጸደንያም ሳቀች።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ብንደብቀው የምንወደውን ሰው ይጎዳብናልና፣ ቢያስፈራንም እውነቱን ቶሎ እንናገር።