የማንጎው ትል ለምን ሞተ?

ይርዳው ማንጎ ሊጠብቅ ገብቶ፣ ካርቶኖቹን እንደተደገፈ ሞቶ ተገኘ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ያለችው የቆርቆሮ መጋዘን ከውስጥ ተቀርቅራ ነበር። ፖሊሶቹ በሩን ሲገነጥሉ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ገፍቶ መለሳቸው።

አዛዡ ሬሳው ሳይነሣ ፈረደ። «ደላላው አሕመድኑር ነው። የነቀዝ ክኒን ያለው እሱ፣ ከማንጎው ባለቤት ከሃሩን ጋር የተጣላው እሱ። ደሴ ላከውና ፋይሉን ዝጋ።»

ሳጅን የኋላሸት ጥርሱን ነከሰ። አዛዡን ሰላምታ አሰጣጥ ያስተማረው እሱ ነበር፤ ልጁ ፓርቲ ገብቶ ኮከብ ሲደረድር፣ የኋላሸት ጭቃውን ይዞ ቀረ። የነቀዝ ክኒን እንደሆነ ባቄላ ያለው ሁሉ አለው። ተንበረከከ። በመስኮቱ ሽንቁር ሥር አመድ መሳይ ዱቄት አገኘ፤ ክኒኑ መርዝ ጋዝ ሆኖ ተኖ የቀረው። ሽንቁሩም ከውጭ በጆንያ ተወትፏል። አንድ ማንጎ ሰነጠቀ። ትሉ ሞቷል። ሌላውንም ሰነጠቀ፤ እሱም ያው።

አሕመድኑርን እስር ቤት ጠየቀው። «ጋሼ፣ ከሃሩን ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ወላሂ፣ ሳቄ ነው። የቆላውን ማንጎ ትል አለው እያልኩ በርካሽ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ አልክድም። ሃሩን ሳውዲ ሐበሻን ባባረረች ጊዜ ተመለሰና ‹ማንጎው አዲስ አበባ ሄዶ በጨረር ታክሟል፤ ትል አይተርፍም፤ ለዓረብ እንሸጠዋለን› አለ። ሐሙስ ለት ገበሬው ፊት አንዱን ቢቆርጥ ትሉ ተንፏቀቀ። ‹ሃሩን፣ ትልህ እንኳን ደኅና ገባህ እያለህ ነው› አልኩት። አገር ሳቀ።»

የሟች ሚስት ይታይሽ እንባዋ ደርቋል። «ይርዳውማ አልሳቀም። ‹ማንጎውን ለውጠውበት ነው፤ ገዢው እስኪመጣ ገብቼ ልጠብቅለት› ብሎ፣ ለሃሩን እንኳ ሳይነግረው ሄደ። አብሮ አደጉ ነው።»

በማግሥቱ ሳጅኑ ሁሉንም መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰበ፤ አዛዡንም ጭምር። ሃሩን ከሁሉ በላይ ይጮህ ነበር። «ይኼን ደም መጣጭ ስቀሉልኝ!»

«ቆይ» አለ ሳጅኑ። «ይርዳው እዚህ መግባቱን ከይታይሽ በቀር ያወቀ የለም፤ እሷ ደግሞ እስኪነጋ ለቅሶ ቤት ነበረች። እንግዲያው ክኒኑ የተጣለው ለይርዳው አይደለም፤ ለትሉ ነው። ትሉ ቢሞት አሕመድኑር ምን ያተርፋል? ትሉ እኮ እንጀራው ነው፤ ዕድሜ ይስጥህ እያለ የሚመርቀው። ትሉ እንዲሞትለት የሚፈልግ፣ ገዢ የሚመጣበት ሰው ነው።»

ሳጅኑ ወደ ሃሩን ተጠጋ።

«ደሴ ያለ የሰብል ባለሙያ በስልክ ጠይቄያለሁ። በጨረር የታከመ ትል ወዲያው ላይሞት ይችላል። ዝንብ ሆኖ ግን አይበርም፤ ዘሩ ተቆርጧል። ገዢውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ማንጎህ ደኅና ነበር፣ ሃሩን። ያፈርክበት ትል ያለቀለት ትል ነበር።»

ሃሩን ፊቱን ወደ መጋዘኑ አዞረ። «ጅዳ የሰው ሽንት ቤት ስጠርግ እንኳ እንደዚያ አልተሳቀብኝም። ይርዳው ውስጥ መኖሩን ወላሂ አላወቅሁም።»

«ይህንስ አምንሃለሁ። ሬሳውን ካየህ በኋላ ግን ይሰቀል እያልክ የጮህከው አውቀህ ነው።»

አዛዡ መሬት መሬት አየ። ይታይሽ ሰዉን እየገፋች መጥታ ሃሩን ፊት ቆመች።

«ከዚያ ሁሉ ሰው» አለችው፣ «ያልሳቀብህ እሱ ብቻ ነበር።»