ጠማማዋ ቅል

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው ነው ያታለላቸው ይባል ነበር። ግን ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሆነው።

አሊዪ የአያቴ ወንድም ነበር። በቤታችን ይህ ታሪክ ጮክ ተብሎ አይወራም። እናፍርበታለን። እኔም አሁን እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ውሃ እንዲጠራቀምላቸው ወንዙን በድንጋይ ገደቡት። ሰፊ ኩሬ ሆነ። የቆላውን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ የገበያ ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው። ዋና የሚችለው ከገደቡ ላይ እየዘለለ ይጫወታል። የማይችለው የአሊዪ አደራ ነው። እናቶች ወደ ገበያ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለእሱ ትተው ነበር የሚሄዱት።

አሊዪ ሰባት ደረቅ ቅሎች ነበሩት፣ አፋቸው በሰም የተደፈነ። ልጁን ጀርባውን ያዞረውና ቅሉን በቃጫ ገመድ በብብቱ ሥር አሳልፎ ያስረዋል። ትከሻው መሀል ላይ ሁለቴ ይቋጥራል። ቅል የታሰረለት ልጅ አይሰጥምም። ያልደረሰው ደግሞ ዳር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

ከዚያ አሊዪ ገደቡ ላይ ቆሞ ቅሎቹን ይቆጥራል።

ሰባት... ሰባት... ሰባት።

አንድም ልጅ ጠፍቶበት አያውቅም። በዚህም ደረቱን መንፋት ይወድ ነበር።

ያን ቀን የጣይባ ልጅ ራቢዓ፣ የስድስት ዓመቷ፣ አንገተ ጠማማዋ ቅል ታስራላት ገና ወደ ውሃው ልትገባ ነበር። የመንገድ ሥራው ካቦ አብዱልሀኪም ልጁን እየጎተተ መጣ። የጣሊያኖቹ ሰው ነው፤ አለንጋው ከእጁ አይለይም። ልጄን አስገባልኝ አለ። ቅል ግን አልቋል።

አሊዪ ተራውን ይጠብቅ ማለት ነበረበት። አላለም። ራቢዓን መልሶ አዞራትና ገመዱን ፈታ።

«ድንጋይዋ ላይ ተቀመጪ» አላት በሹክሹክታ። «ተራሽ ሲደርስ እጠራሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ሄዳ ተቀመጠች።

አልጠራትም።

ረሳት... ቅሎቹን ሲቆጥር ሰባት ናቸው። ደግሞ ሲቆጥር ሰባት። እሷ ከቁጥሩ ውጪ ነበረች።

ልጆቹ ሲወጡ ድንጋይዋ ባዶ ሆና ተገኘች። ራቢዓን ከገደቡ ሥር አወጧት።

ጣይባ እየሮጠች መጣች። ቅሉስ ብላ ጠየቀችው። ካቦው እዚያው ቆሟል። አሊዪ መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«ራሷ ፈታችው።»

ሁለት ቃል ነው። ጣይባ አመነችው። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር፣ ልጄ እምቢተኛ ነበረች፣ በራሷ ላይ ነው ያመጣችው ትል ነበር። አሊዪ ጥግ ይዞ ይሰማል። ይህን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሥራውን ሊተው ፈልጎ ነበር። ግን ቢተው ሰው ለምን ይላል... በሚቀጥለው ገበያ ቅሎቹን ተሸክሞ ወረደ።

መጀመሪያ ያየው ድንጋይዋን ነው። መሀሏ ላይ ልጅ ተቀምጦበት የተነሳ የሚመስል እርጥበት አለ። በዚያ ፀሐይ ልብስ እንኳ ወዲያው ነው የሚደርቀው። እርጥበቱ ግን ቀኑን ሙሉ አልደረቀም።

ልጆቹም ድንጋይዋ ላይ አይቀመጡም። ለምን አላቸው።

«ሰው አለበት» አሉትና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ደግሞ ጠማማዋ ቅል... ለየትኛውም ልጅ ቢያስራት ገመዷ ይፈታል። ሦስቴ ቢቋጥራትም ትፈታለች። ሲፈልጋት ድንጋይዋ ሥር ያገኛታል። ሊጥላት አሰበ። ግን ስድስት ብቻ ይዞ ቢመጣ፣ ሰባተኛዋስ ቢሉት ምን ይመልሳል? ከእፍረቱ ይልቅ የልጆቹን ነፍስ ማስያዝ ቀለለው።

ሦስተኛው ገበያ። ዘጠኝ ሰዓት። ቆጠረ።

ስድስት።

ደግሞ ቆጠረ። ስድስት... ሰባተኛዋ ዳር ላይ፣ ድንጋይዋ ሥር ናት።

ዘሎ ገባ። በእጁ እየዳበሰ ፀጉር ያዘ። ጌጤ ነበረች፣ የጎረቤቱ የደምሴ ልጅ። ዳር አውጥቶ ውሃውን አስተፋት። ተነፈሰች።

ገበያተኛው ግልብጥ ብሎ ወረደ። የጌጤ እናት ሙሉ ደረሰች፤ ከኋላዋ ጣይባ። ሙሉ በድንጋጤ ልጇን ልትመታ እጇን አነሳች።

«ፈታሽው? እንደ ራቢዓ ልትሞቺብኝ?»

«እኔ አልፈታሁትም» አለች ጌጤ እየተንቀጠቀጠች። ወደ አሊዪ ዞረች። «እሷ ናት የፈታችው። ጋሼን ተራዬ ደረሰ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።»



«ማናት እሷ?» አለች ጣይባ።

ልጅቷ ወደ ድንጋይዋ ጠቆመች።

አሊዪ እዚያው ተንበረከከና ሰው ሁሉ ባለበት፣ ካቦውም ባለበት ተናገረ። ቅሉን ከራቢዓ የፈታሁት እኔ ነኝ አለ። ለካቦው ልጅ ሰጠሁት። እጠራሻለሁ ብያት ረሳኋት።

ካቦው ቀስ ብሎ ከሰዉ መሀል ወጥቶ ሄደ።

ጣይባ አልጮኸችም።

«ያ አላህ፣ ጥፋቷን ማራት እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ከረምኩ» አለች። «ጥፋት ያለባት መስሎኝ። አንተ እያየኸኝ።»

«አዎ፣ እትዬ ጣይባ።»

 ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠማማዋን ቅል አነሳችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በል ጥራት።»

አሊዪ ወደ ድንጋይዋ ዞረ። 

«ራቢዓ...» አለ። «ተራሽ ደርሷል።»

ድንጋይዋ ላይ የነበረው እርጥበት ሁሉም እያዩት ደረቀ። ከድንጋይዋ እስከ አሊዪ ባለው አቧራ ላይ ትንንሽ እርጥብ ዱካ መጣ... አንድ... ሁለት... ሦስት... ፊቱ ደርሶ ቆመ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጣታቸው ወደ ውሃው ነበር፤ ጀርባዋን አዙራለታለች።

አሊዪ ቅሏን አየሩ ላይ ያዘ። ገመዱን እንደ ድሮው አዞረና ሁለቴ ቋጠረ።

ከዚያ እጁን ለቀቀ።

ቅሏ አልወደቀችም።