አራተኛው ዘፈን

ኢዩኤል በጩኸት መሃል ተወልዶ ዝምታን የተማረ ሰው ነው፤ ሩታ ደግሞ በዝምታ ውስጥ አድጋ በንግግር እንጀራዋን የምትበላ። እሱ መርካቶ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲጠግን ይውላል። ከሥሩ የተሸካሚው «ዞር በል»፣ የመኪናው ጡሩምባና የነጋዴው ጥሪ ተደባልቆ ሲወጣ፣ እሱ በቀን ከአርባ ቃል በላይ አይተነፍስም እያሉ ጎረቤቶቹ ያሙታል። እሷ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ዘወትር ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዲስ የወጣ አልበም ትገመግማለች። ያሳደገቻት እናቷ ወይዘሮ ሠርኬ ጎጃም በረንዳ ማር በጅምላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ማር ደግሞ አፍን ዘግቶ ነው የሚቀመሰው።

ያገናኛቸው የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሩታ ልትወስደው መጥታ በሱቁ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሞከረችው፤ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

«በግራ በኩል ያለው ድምፅ ትንሽ ይዘገያል» አለችው።

ኢዩኤል የብየዳ ብረቱን አስቀምጦ ቀና አለ። እስከዚያች ቀን ደንበኞቹ ሁሉ «ይሠራል?» ብለው ነበር የሚጠይቁት።

«እኔ ብቻ የሰማሁት መስሎኝ ነበር» አለ።

ለኢዩኤል ይህ ረጅም ንግግር ነው። ማዳመጫውን ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀበት፤ እሷም አራቱንም ቀን እየመጣች ጠየቀች። በአምስተኛው ቀን ማዳመጫው ምንም ሳይጎድለው መጣች፤ እሱም ለምን እንደመጣች አልጠየቃትም። በርጩማውን ብቻ በጨርቅ ጠረገላት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎ፣ የኢዩኤል ቤተሰብ ሽማግሌ የሚልክበት እሁድ ተቆረጠ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የኢዩኤል አባት ጋሽ በሪሁን አንጋፋ የዘፈን ደራሲ ናቸው። በወጣትነታቸው በሆቴሎች ይጫወት ለነበረ የሮክ ባንድ ጊታር መትተዋል፤ ባንዱ ከተበተነ ወዲህ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ግጥምና ዜማ እየሠሩ ለሌሎች ሲሰጡ ኖረዋል። ሌሎች ዘፈኑ፣ ሌሎች ተጨበጨበላቸው። ባለፈው ወር፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በራሳቸው ድምፅ የመጀመሪያቸውን አልበም አወጡ፤ «በስሜ» አሉት።

አልበሙ በወጣ በሳምንቱ አምስት ሰዎች ሐሳባቸውን ሰጡ። አንዱ ጋዜጣ «የዘመን ድምፅ» አለው። ሌላው ሮክና ሽበት እንደማይስማሙ በሰፊው አተተ። በዩቲዩብ የሚታወቅ አንድ ወጣት ደግሞ ሳክስፎኑን እስከ ሰማይ አደነቀው። የተቀሩት ሁለቱ ስለ አልበሙ ሽፋን ተከራከሩ። ጋሽ በሪሁን ሁሉንም አነበቡ፤ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ የልጃቸውን ሱቅ ደረጃ ቀስ ብለው ወጥተው ሩታን አገኟትና፦

«የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ ሬዲዮኔን ከፍቼ እጠብቃለሁ» አሏት።

«ጋሽዬ፣ እኔ ባልናገር ነው የሚሻለው። ሌላ ሰው ይመድቡ ልላቸው ነው።»

«ዝም ካልሽኝ ዘፈኑን ጠልታዋለች ብዬ ነው የምረዳው። ዝምታሽን ሳዳምጥ ከማረጅ ይልቅ ቃልሽን ልስማው።»

ሩታ አልበሙን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። ከዘጠኙ ዘፈኖች ስድስቱ ቸኩለው የሚሄዱ፣ ከደጅ ሳይገቡ የሚሰናበቱ ሆኑባት። በተለይ «አንኳኳሁ» የተባለው አራተኛው ዘፈን አላስተኛት አለ። አንድ ሰው የቤቱን በር ያንኳኳል፤ በሁለተኛው ስንኝ ደግሞ ያንኳኳል፤ ከዚያ ጊታሩ ይገባና ዘፈኑ ያልቃል። አንድ ነገር ጎድሏል። ይህን መናገር ደግሞ እሁድ ሽማግሌ ሊልኩባት የተዘጋጁትን ሰው ቅዳሜ በአገር ፊት ማዋረድ ነው። ጋሽ በሪሁን ከተቀየሙ ሽማግሌው ይቀራል፤ ሽማግሌው ከቀረ ኢዩኤል ከአባቱና ከእሷ መሃል ይቆማል። ኢዩኤል ደግሞ ከማንም መሃል ቆሞ የሚናገርበት አፍ የለውም።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ዘንድ መጋዘን ሄደች። ወይዘሮ ሠርኬ አዲስ ከመጣ ማር በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ሻጩን «ስኳሩን ለይተህ አምጣ፣ ማሩን ለብቻው እገዛለሁ» ብላ አሰናበተችው።

«እማዬ፣ እኔም እኮ ይህንኑ ነው የማደርገው» አለች ሩታ።

«የኔ ልጅ፣ ማር ሻጩ ሽማግሌ አይልክብኝም» አለች እናቷ እጇን እየታጠበች። «አንድ ቅዳሜ ጥሩ ነው ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

ሩታ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ዓርብ ኢዩኤል ሱቅ ገባች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች፤ እሱም አንዲት ሽቦ ይዞ፣ ሽቦዋን ሳያያት፣ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ፦

«ኢዩ፣ ነገ የምለው…»

«አትንገሪኝ» አላት በቀስታ። «ብትነግሪኝ ፊቴ ለአባቴ ይነግረዋል።»

«ብትጠላኝስ?»

ሽቦዋን አስቀመጠ። ዓይኑን አንስቶ አያት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ማዳመጫውን ስትሰማ እንዳያት ዓይነት አስተያየት ነበር። «እኔ ያፈቀርኩሽ ስትሰሚ አይቼ ነው» አለ። «ሰምተሽ ስትዋሺ ባይሽ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ልቧ በዚህ ቃል ሞቀ፤ ፍርሃቷ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠች። በሙያዋ ሕግ መሠረት አድማጭን ማታለል ነውር ነውና እንዲህ ብላ ጀመረች፦

«አስቀድሜ ልትሰሙት የሚገባ ነገር አለ። የዛሬው አልበም ባለቤት አቶ በሪሁን፣ ላገባው ያሰብኩት ሰው አባት ናቸው። የምለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ መዝኑት።»

ከዚያም የምታምንበትን ተናገረች። ሦስቱን ዘፈኖች ከልቧ አመሰገነች፤ ስድስቱ መቸኮላቸውን ገለጸች። ስለ አራተኛው ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ይኑር አይኑር ግን አንሰማም። ደራሲው ሊናገሩት የተነሡትን ነገር ሳይናገሩ የተቀመጡ ይመስለኛል፤ ወይም ሌላ ሰው ቆርጦባቸዋል። የቆረጠው ሰው የዘፈኑን ልብ ነው የቆረጠው።»

ከስቱዲዮ ስትወጣ ስልኳ ይጮህ ነበር። እናቷ ነበረች።

«ምን ነካሽ ልጄ?»

«እማዬ፣ ስለ ዘፈኑ እውነቱን ነው የ…»

«የዘፈኑን ነገር ተይው። ነገ ሽማግሌው ምን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው? አንቺው ራስሽን በሬዲዮ ድረሽ ጨርሰሻል።»

ሩታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዘፈኑ ስትጨነቅ ይህ ጭራሽ አልታያትም። በወጉ ሽማግሌ እስኪጠይቅ ድረስ ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ተስማምቶ እንዳላወቀ ይሆናል። እሷ ግን አድማጭን ላለማታለል ብላ ያልተጠየቀችውን መልስ ለአገር ሰጠች።

ኢዩኤል ጋ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌ በተቀጠረበት በአራት ሰዓት፣ የወይዘሮ ሠርኬ ሳሎን ተጠርጎ ወንበሮቹ ተደርድረው ማንም አልነበረባቸውም። የእናቷ ታላቅ ወንድም አቶ ይርዳው ብቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሩታ ሥርዓቱ እንደሚያዘው ከጓዳ መጋረጃ ኋላ ናት። በደጅ የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ትነሣለች፤ ኮቴው ሲያልፍ ትቀመጣለች።

«ሰላሁዲን ደውሎልኝ ነበር» አሉ አቶ ይርዳው። ጋሽ ሰላሁዲን የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ የጋሽ በሪሁን የአርባ ዓመት ወዳጅ፣ የድሮ ካሴት ነጋዴ ናቸው። «ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ ሠርኬ? ‹እኛ የምንሄደው ያልተሰጠውን ልንለምን ነው፤ የተሰጠውን የሬዲዮ ጣቢያው ይዳረው› አለኝ። እኔ ምን ልበለው? አፈርኩ እንጂ።»

«ይመጡ ይሆናል» አለች ወይዘሮ ሠርኬ፤ ድምፅዋ ግን ራሷን አላሳመናትም።

አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሊሆን ሲል ከደጅ «ቤቶች» የሚል የሻከረ ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ በሪሁን ብቻቸውን ነበሩ። ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ ገብተው መሃል ሳሎን ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ» አለች ወይዘሮ ሠርኬ።

«ጉዳዬን ሳትሰሙ አልቀመጥም።»

«አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም» አሉ አቶ ይርዳው።

«አውቃለሁ። ሦስት ሰው ለመንኩ፣ ሦስቱም አፈሩ። እኔ ደግሞ የማፍርበት ዕድሜ አለፈኝ።» ጋሽ በሪሁን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አምስት ሰው ስለ ሥራዬ ተናገረ። አንደኛው ሳክስፎኔን አድንቆልኛል፤ በአልበሜ ውስጥ ሳክስፎን የሚባል ነገር የለም። ስድስተኛዋ የእናንተ ልጅ ናት። ያልዘፈንኩትን እንኳ የሰማች እሷ ብቻ ናት።»

ከመጋረጃው ኋላ ሩታ ወደ ጨርቁ ተጠጋች።

«በካሴት ዘመን መርካቶ ዘፈን የሚፈተነው በተሸካሚ ነበር» አሉ ጋሽ በሪሁን። «ሰላሁዲን ድምፅ ማጉያውን ደጅ ያወጣና ያያል፤ ኩንታል የያዘ ሰው እርምጃውን ካዘገየ ዘፈኑ ይሄዳል ማለት ነው። የእኔንም አልበም እንዲሁ ፈተነው። በአራተኛው ዘፈን ማንም አላዘገየም። ‹በሪሁን፣ ረዘመ፣ ሰው ቸኩሏል፣ ቁረጠው› አለኝ፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። እኔም ቆረጥኩ። ከአራተኛው የወደቀው ስንኝ ስለ ኢዩኤል እናት የጻፍኩት ነበር። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ቤቴን ሳላንኳኳ አልገባም።»

ከዚያ ሳይዘፍኑ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ተናገሩት፦

«ቁልፉ በኪሴ ነው፣ የራሴ ነው ይህ ቤት፤
አሁንም አንኳኳሁ፣ ካለሽ ብዬ ምናልባት።»

ወይዘሮ ሠርኬ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች። እሷም ባሏን የቀበረች ሴት ናት። አቶ ይርዳው ግን ለሥርዓት የቆሙ ሰው ስለሆኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምጣትዎን አከብራለሁ። ቢሆንም ነገሩ እንዲህ ተበላሽቶ አይቀጥልም። ልጅቱ በመጪው ቅዳሜ በዚያው ሬዲዮ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ከእንግዲህም የአማቷን ሥራ በአደባባይ አታንሣ። ይህ ከሆነ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ እንሰጣለን።»

«እኔ ይቅርታ ትጠይቀኝ አላልኩም» አሉ ጋሽ በሪሁን።

«እኛ ግን ብለናል» አሉ አቶ ይርዳው።

መጋረጃው ተገለጠ። ሩታ ወጥታ ጋሽ በሪሁን ፊት ቆመች።

«ጋሽዬ፣ ኢዩኤልስ? ስልኩን ዘጋብኝ።»

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁት። ትናንት ያንቺን ፕሮግራም ሰምተን እንደጨረስን ማይክራፎን አስተክዬው ስንኙን ልቀዳ ገባሁ፤ አንቺ ስትደውዪ ሁለት ጊዜ አበላሸሽብን። ከዚያ ወዲህ ማብራቱን ረስቶት ይሆናል፤ ሲደነግጥ እንዲያ ነው። አሁን ከራጉኤል አጥር ሥር ቆሟል፤ ሥርዓቱን እንዳላፈርስ ብሎ ነው እንጂ ተከትሎኝ ሊገባ ምንም አልቀረውም።»

«ሩታ፣ ወደ ጓዳ ግቢ» አሉ አቶ ይርዳው። «በዚህ ጉዳይ ልጅ አይናገርም።»

«አጎቴ፣ ትናንት ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ ዝም ብል ማን ያምነኛል?»

ከመርካቶ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ወይዘሮ ሠርኬ ልጇን አየቻት፤ ማር ቀምሳ ፍርድ ከመስጠቷ በፊት እንደምትቆየው ቆየች። ከዚያ ወንድሟን በእጇ ምልክት ዝም አሰኘች።

«ተናገሪ» አለቻት።

«ጋሽ ሰላሁዲንን እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሽማግሌ ማሳፈሬ ጥፋት ነው» አለች ሩታ። ድምፅዋ እየረጋ ሄደ። «ስለ ዘፈኑ ግን አልጠይቅም። የፊታችን ቅዳሜ ሙሉውን አራተኛ ዘፈን ለአድማጭ አሰማለሁ፤ ካማረ አምሯል እላለሁ፣ ካላማረም እንዲሁ። ኢዩኤልን አገባዋለሁ። ሠርጉንም ከፋሲካ በኋላ አድርጉልን።»