የመዳመጫው ድንጋይ ቦታ

የቃላት ሊቁ ፕሮፌሰር ሊሳንድሮስ ጭንቅላታቸው ተፈርክሶ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። የሲሮስ ደሴት ሙቀት አይጣል ነው፤ ዝንቡ ከአሁኑ ወሯቸዋል። እሬሳው አጠገብ ሁለት የተማሩ ሰዎች ይነታረካሉ።

«መዝገበ ቃላቱ ላይ የማን ስም ይውጣ?» አለ አሳታሚው ሜኔላዎስ።

«የእኔ ነዋ!» አለ ረዳታቸው ትራሲቮሎስ።

«ኤዲያ! ሰውዬው እንኳ ገና አልተገነዙም!» መርማሪ ፖሊክሴኒን አንገሸገሻት። የሠፈሩ ፖሊስ ደግሞ ሽርጧ በደም ስለተነከረ ብቻ የሟቹን እህት ኤቫንቲያን ሊያስር ካቴናውን አውጥቷል።

«ወንድሜን አቅፌ ነው የጮኽኩት!» አለች አሮጊቷ።

ፖሊክሴኒ መደርደሪያውን አየች። ፕሮፌሰሩ የጂኦሜትሪ ቃላትን የወለዱ ዕቃዎችን ሰብስበዋል፤ የክብ እምብርት ለሆነው ኬንትሮ የበሬ መውጊያ፣ ለሾጣጣው ኮኖስ የጥድ ፍሬ፣ ለአራት ጎኑ ትራፔዚዮ ትንሽዬ ጠረጴዛ፣ ለበርሜል ቅርጹ ኪሊንድሮስ የአፈር ጣሪያ መዳመጫ ድንጋይ። ሁሉም አቧራ ለብሷል። ከመውጊያው ጎን ያለው መዳመጫ ብቻ ታጥቦ ሥሩ ረጥቧል።

ኤቫንቲያን ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት።

«እማማ፣ ዕቃዎቹን ማን ነው የሚደረድራቸው?»

«ድሮ ትራሲቮሎስ ነበር፤ የሥራ መሣሪያ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ። ትናንት ከምሳ በኋላ ግን ወንድሜ በጭብጨባ እየተቆጠረ በቃላቱ ርዝመት ይሁን አለ። ኬን-ትሮ፣ ሁለት። ኪ-ሊን-ድሮስ፣ ሦስት፤ መጀመሪያው ላይ ጠንከር! እያስጨበጨበኝ አብረን ቀየርነው።»

ፖሊክሴኒ ተመልሳ ድንጋዩን በመሐረብ አነሳችው።

«ቦታው የት ነው? ጠቁሙኝ።»

ኤቫንቲያ ረጃጅሞቹ ቃላት ወዳሉበት፣ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ጠቆመች። ሜኔላዎስ ትከሻውን ሰበቀ፤ «እኔ ምን አውቄ?» ትራሲቮሎስ ግን ወደ መውጊያው ጠቆመ።

«ከእሁድ ወዲህ እዚህ አልወጣሁም ብለሃል።»

«አልወጣሁም።»

«ገዳዩ ድንጋዩን አጥቦ መልሶታል። ሌባ ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። እማማ ብትሆን አዲሱ ቦታ ላይ ታስቀምጠው ነበር። አሳታሚው ቢሆን ያገኘበት ይወረውረው ነበር። ድንጋዩን ያገኘሁት ግን አሮጌው ቦታ ላይ፣ ከመውጊያው ጎን ነው። አንድ ሰው የገደለበትን ዕቃ እንኳ ያለ ቦታው ማየት አልቻለም።»

ትራሲቮሎስ ፊቱ ቀላ።

«ቦታው ነዋ! ሁለቱም የሥራ መሣሪያ ናቸው! ዕድሜዬን ሙሉ በትውልዳቸው የደረደርኩትን፣ እሳቸው በጭብጨባ! እንደ መዋዕለ ሕፃናት! ስህተቱን ነው ያረምኩት!»

«ጭብጨባው የመጣው ትናንት ነው፤ ካልወጣህ በምን አወቅህ? ስህተቱስ እሳቸው ነበሩ?»

«መጽሐፉ ይበልጣል» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

ፖሊክሴኒ በመስኮቱ ምራቋን ተፋች። ካቴናው ትራሲቮሎስ እጅ ላይ ገባ። ኤቫንቲያ የጠረጴዛ ልብስ ገፍፋ ወንድሟን ሸፈነቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ዝንቡን እሽ ያለላቸው ሰው አልነበረም።