ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነጠላ ጫማ

መቱ ውስጥ፣ በኦቦ አብደታ ሳሎን፣ ስትረገጥ ባዶ የምትጮህ አንዲት ሴራሚክ አለች። ከበሩ ሲገቡ ሦስተኛዋ ናት። ኦቦ አብደታ በረገጧት ቁጥር «ይኼ ልጅ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ እዚህች ላይ ምን ነካው?» ይላሉ። ልጃቸው ኢብሴ ትሰማና ዝም ትላለች። ምን እንደነካው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ኢብሴ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ዝናብ አባሯት እየሮጠች ገባችና፣ ሴራሚክ ያልለበሰ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቀኝ እግሯን ተከለችው።

«ኧረ በፈጠረሽ! አትርገጪ!»

የጮኸው ተንበርክኮ የሚሠራ ወጣት ነበር። አቧራው ቅንድቡን ሳይቀር አንጥቶታል።

«የገዛ ቤቴን እኮ ነው የረገጥኩት» አለች፣ እግሯን ሳታነሳ።

«የገዛ ቤትሽ ነገ ነው። ዛሬ የእኔ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። ሲተያዩ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ብዙ ወረደ። ወጣቱ ከኪሱ ሜትር አወጣና ዱካዋን ለካው።

«ሠላሳ ሰባት ቁጥር።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«አይታወቅም» አለ። ከዚያ ሲሚንቶውን እንደ ወጉ መደልደል ሲገባው፣ ዱካዋን እንዳለ ትቶ ሴራሚኳን ከላይ ደፋባት።

ይታገሱ ይባላል። ከወሎ መጥተው ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ አካባቢ የሰፈሩት የጋሽ አራጌ ልጅ ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛውን ሳይለይ ነው ያደገው። የሳሎኑ ሥራ በአራት ቀን የሚያልቅ ነበር፤ እሱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ኦቦ አብደታም መጠርጠራቸው አልቀረም። በመጨረሻው ቀን ወለሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ሳቅ እያሉ፣ «የሰው ቤት እንዲህ ታሳምራለህ፤ የራስህስ የታለ? እኔ ብሆን ልጄን ለተከራይ አልድርም» አሉት።

እሳቸው ቀልደው ረሱት። ይታገሱ ግን ቀልድ ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም፤ ቃሉን እንደ ውል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከመሄዱ በፊት ሜትሩን ለኢብሴ ሰጣት። «የራሳችንን ቤት የምንለካው በዚህ ነው፤ ያዢልኝ» አላት። አግቢኝ አላላትም። ያንን ቃል ከቤቱ ቁልፍ ጋር ሊሰጣት አስቀመጠው።

አዲስ አበባ ለሴራሚክ ሠራተኛ ሥራ አያጣም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ወለሉን የሚያለብስለት ሰው ይፈልጋል። የሚጠፋው ቤት ነው። ይታገሱ ሲደርስ ምዝገባው ካለፈ ቆይቷል፤ የቀረው መንገድ ከሰው ላይ መግዛት ነበር። መጀመሪያ ሲጠይቅ ስቱዲዮ ሰባት መቶ ሺህ ብር አሉት። ትንሽ ቋጠር አድርጎ ሲመለስ ሚሊዮን ገብታለች። ደግሞ ቋጥሮ ሲመለስ ሁለት ሚሊዮንን አልፋለች። እሱ አንድ ሲራመድ ቤቱ ሦስት ይሸሻል።

እሁድ እሁድ ይደውላል።

«እስካሁን የስንት ሰው ወለል አነጠፍክ?»

«ከመቶ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።»

«ከመቶው አንዷን እንኳን አይሰጡህም?»

«አንዷን ቢሰጡኝማ ማንን እንደማስገባባት ታውቂያለሽ» ይልና ዝም ይላል።

ኢብሴ ያንን ዝምታ ትወደዋለች፤ ትጠላዋለችም። ቃሉ ዛሬ ይወጣ ይሆን ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ትጠብቃለች። አይወጣም። «በይ ደህና ሁኚ» ይላታል። ያኔ ወደ ሳሎን ትገባና፣ ማንም ካላየ፣ ያቺን ሴራሚክ በቀኝ እግሯ ትረግጣታለች። ናፍቆቷ ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

በስድስተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሆሳዕና የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄደች። ኢብሴ ለይታገሱ የያዮ ማር አስያዘቻት። ሆሳዕና ስትመለስ ማሩን ሳይከፈት መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አላገኘሽውም?»

«ተቀመጪ እስቲ ኢብሴ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እሱ ሥራ ላይ ነበር። በሩን ሳንኳኳ አከራይዋ ወጡና፣ ‹ባለትዳር ሰው ቤት ብቻሽን ምን ፈልገሽ ነው?› ብለው መለሱኝ።»

«ሌላ ይታገሱ ይሆናል።»

«በሩ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ አለ እህቴ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ኢብሴ አላለቀሰችም። ካርድ ክፍል ገብታ የሰው ስም ስትጽፍ ዋለች። እሁድ ስልኩ ሲጮህ አላነሳችውም፤ በሚቀጥለውም እሁድ አላነሳችውም። «ምን በደልኩሽ?» ብሎ ጻፈላት። አነበበችና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ጠይቃው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲቷን ጥያቄ ያልጠየቃትን ሰው፣ እሷ ቀድማ ምን ብላ ትጠይቀው?

በዚያው ሰሞን የኢቲቻ ሽማግሌዎች መጡ። ኢቲቻ ቡና ነጋዴ ነው፤ ገበያው አጠገብ ፎቅ ቤት ሠርቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥፋቱ ይታገሱ አለመሆኑ ብቻ ነው። ኦቦ አብደታ ለሽማግሌዎቹ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡና ልጃቸውን ጠሯት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ሆዳቸው ሲባባ ልጄ የሚሉት በኦሮምኛ ነው። «ሰውዬው ቤቱ የራሱ ነው። እኔ ግን አላስገድድሽም። ልብሽ ሌላ ቦታ ካለ ንገሪኝ።»

«ልቤ ያለበትን ቦታ አንድ ጊዜ ሄጄ ልየው አባባ። ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

አባቷ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ሜትሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዕቃውን ልመልስለት ነው የምሄደው አለች ለራሷ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ታዛቢ የለውም።

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የመጨረሻውን ደረጃ ወጣች። የይታገሱ በር ተዘግቷል። ነጠላ ጫማው ግን አለ፤ ሮዝ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሲሚንቶ ከጠጣ የወንድ የሥራ ጫማ ጎን ተደርድሯል። ሆሳዕና አልዋሸችም። ኢብሴ ሜትሩን አውጥታ እዚያው ትታው ልትሄድ ጎንበስ ስትል፣ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ። እትዬ ዘውደነሽ የሚባሉት አከራይ ናቸው።

«ይታገሱን ነበር። የአገሩ ልጅ ነኝ፤ ዕቃ ልመልስለት ነው።»

«እሱ ባለትዳር ነው የኔ ልጅ። በቀደም አንዷ ማር ይዛ መጥታ መልሻታለሁ። ዕቃውን እኔ እሰጠዋለሁ፤ ማን ልበል?»

«ኢብሴ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ኢብሴ? የመቷ ኢብሴ? ካርድ ክፍል የምትሠሪው?»

«አዎ፣ ግን እርስዎ እንዴት...»

«እሰይ! እሰይ! መጣሽልን!» ብለው አገላብጠው ሳሟት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ሚስቴ ዝውውር እየጠበቀች ነው› ሲለኝ፣ ምን ዓይነት ዝውውር ነው ይኼ እያልኩ ስንቱን አለቃሽን ረግሜያለሁ መሰለሽ! ቤቱ የእህቴ ነው፤ ለወንደላጤ እንዳላከራይ አስጠንቅቃኛለች። መጀመሪያ ሲመጣ ‹ሚስት አለህ ወይ?› ብዬ ስጠይቀው፣ ‹አለችኝ፣ ኢብሴ ትባላለች› አለኝ። በነጋታው ይህን ጫማ አምጥቶ በሩ ላይ አኖረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥበዋል። ማንም ያላደረገውን ጫማ!»

ኢብሴ ቁልቁል ጫማውን አየችው። ቀስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ቀኝ እግሯን ነጠላ ጫማው ውስጥ አስገባች። ልኳ ነው። እንባዋና ሳቋ እኩል መጡባት።

«ምነው ልጄ?»

«ደረጃው ነው እትዬ። ያደክማል።»

እትዬ ዘውደነሽ በትርፍ ቁልፍ ከፍተው አስገቧት። ስቱዲዮዋ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ይዛ ሞልታለች። ወለሏ ሊሾ ነው። የመቶ ሰው ወለል ያሳመረው ልጅ የሚኖረው በባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው።

ይታገሱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገባ። አቧራው ዛሬም ቅንድቡ ላይ ነው። መጀመሪያ እግሯን አየ፤ ከዚያ ጫማውን። ፊቷን ለማየት ጊዜ ወሰደበት።

«ሚስትህ የት ሄደች?» አለችው።

«ኢብሴ...»

«ዝውውር እየጠበቀች ነው አሉኝ።»

«ቤት አጥቼ ነው የዋሸሁት» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «የሄድኩበት ሁሉ ለወንደላጤ አናከራይም አሉኝ። ሚስት አለህ ወይ ስባል ካንቺ ስም ሌላ አፌ ላይ አልመጣም።»

«እኔንስ ምነው ሳትጠይቀኝ?»

«ምን ይዤ? አባትሽ ለተከራይ አልድርም ብለዋል። ይህችም የሰው ናት፤ ዘንድሮ ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አስልቼዋለሁ ኢብሴ። ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ ቤት የምገዛው በስልሳ ዓመቴ ነው። እንደማይቆም ደግሞ ታውቂያለሽ።»

ከታች ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ሲንጫጩ ይሰማል። ኢብሴ ሜትሩን በእጇ ይዛ አንገቷን አቀረቀረች።

«የኢቲቻ ሽማግሌዎች መጥተዋል» አለች።

ይታገሱ ግድግዳውን ተደገፈ። «ባለፎቁ ኢቲቻ?»

«እሱ።»

«እሱማ ቤት አለው። እንግዲያ...»

«እንግዲያ ምን? ጨርሰዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንኳን ጨርሰህልኝ አታውቅም።»

ዝምታው ያው የእሁዱ ዝምታ ነበር። አሁን ግን መሐሉ ላይ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አልነበረም። ይታገሱ መጥቶ ወለሉ ላይ፣ እግሯ አጠገብ፣ እንደ ያኔው ተንበረከከ።

«አታግቢው» አለ። «እኔን አግቢኝ ኢብሴ። ተከራይ ነኝ።»

ኢብሴ በመዳፏ አቧራውን ከቅንድቡ ላይ ጠረገችለት።

«ለእትዬ ዘውደነሽ ሦስት ዓመት የነገርካቸውን፣ አንድ ቀን መጥተህ ለአባቴ ንገራቸው።»

«ቤትህ የታለ ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ይጠይቁሃል። መጀመሪያ ግን ስለዚያች ሴራሚክ ነው የሚጠይቁህ። የሷን መልስ ከሰሙ በኋላ ቤት የለህም ብለው የሚመልሱህ አይመስለኝም።»

ሲመሽ ኢብሴ እትዬ ዘውደነሽን ማደሪያ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ባልና ሚስት እንዳልሆኑ ገባቸው።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ። «እስከ ጥር ካልተጋባችሁ ቤቱን ትለቁልኛላችሁ!» አሉና ፊታቸውን አዙረው ፍራሽ ሊያነጥፉላት ገቡ።

በማግስቱ ወደ መናኸሪያ ሲሸኛት፣ ነጠላ ጫማውን አንስቶ «ይዘሽው ሂጂ፤ ያንቺ ነው» አላት። ተቀብላ መልሳ ከሥራ ጫማው ጎን አስቀመጠችው፣ አፍንጫውን ወደ ቤቱ አዙራ። ሜትሩንም ይዛው ተመለሰች።

መቱ እንደገባች ለአባቷ ልቧ ሌላ ቦታ መሆኑን ነግራ የኢቲቻን ሽማግሌዎች እንዲመልሱላት ጠየቀቻቸው። በመጀመሪያው እሁድ፣ ስልኳ ገና ከመጮሁ አነሳችው።

«ትናንት ጫማሽን አላጠብኩትም» አላት።

«ለምን?»

«ዱካሽ አለበት።»

ኢብሴ ሳሎን ውስጥ ነበረች። ከበሩ ሦስተኛዋ ሴራሚክ ላይ ቀኝ እግሯን አሳረፈች፤ ባዶ ጮኸች። ኦቦ አብደታ ከውስጥ ሰምተው እንደ ልማዳቸው፣ «ይኼ ልጅ እዚህች ላይ ምን ነካው?» አሉ።

«በጥር መጥቶ ራሱ ይነግርዎታል አባባ» አለች፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ።